ልጅ ሲዘገይ፦ ባልና ሚስት ለሕክምና የሚሄዱበት ቅደም ተከተል

ባለቤቴ በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ደም ሰጥታለች፤ ሁለት ጊዜ በአልትራሳውንድ ታይታለች፤ አንድ ጊዜም በራጅ ክፍል ውስጥ ጥርሷን ነክሳ ተኝታለች። እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ የሠራሁት ሥራ ቢኖር በተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ ቦርሳዋን ይዤ መቀመጥ ነበር። በኋላ አንዲት ሐኪም ፋይሉን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው «የእርስዎስ ውጤት የታለ?» ሲሉኝ የማሳያቸው ወረቀት አልነበረኝም። የእኔ ምርመራ ከግማሽ ቀን በላይ አልፈጀም። የችግሩ ግማሽም ከእኔ ዘንድ ተገኘ።

ስለዚህ ከዚህ በታች የምታነቡት እኛ ያለፍንበትን መንገድ አይደለም፤ ማለፍ የነበረብንን ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒትና መጠን የሚያዝላችሁ ሐኪማችሁ ነው። እኔ የማውቀው የትኛው በር ቀድሞ እንደሚንኳኳ፣ በየትኛው ቀንና ምን ተይዞ እንደሚኬድ ነው።

አንደኛ፦ ጊዜው መድረሱን አረጋግጡ

የዓለም ጤና ድርጅት መካንነት የሚለው ያለ መከላከያ መደበኛ ግንኙነት እየተደረገ 12 ወር ወይም ከዚያ በላይ እርግዝና ሳይመጣ ሲቀር ነው። ቃሉ ይከብዳል፤ የሰማው ሁሉ ፍርድ የተሰጠበት ይመስለዋል። በሕክምናው ቋንቋ ግን «ምርመራ ይጀመር» ከማለት የዘለለ ትርጉም የለውም። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ ከስድስት ሰዎች አንዱን በዕድሜው ዘመን ይህ እንደሚያጋጥመው ገልጿል።

ከመቶ ጥንዶች ሰማንያ ያህሉ በመጀመሪያው ዓመት ይፀንሳሉ። ከቀሩት ግማሽ ያህሉ ደግሞ በሁለተኛው ዓመት ይሳካላቸዋል። ሴቷ ከ35 ዓመት በታች ከሆነች አንድ ዓመት መጠበቅ ጉዳት የለውም። ከ35 በኋላ ግን የሚጠበቀው ስድስት ወር ብቻ ነው፤ ከ40 በኋላ ደግሞ ጨርሶ መጠበቅ አያስፈልግም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሴት ልጅ ስትወለድ ያላት ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን እንቁላል ነው፤ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከ300 እስከ 400 ሺህ ይቀራታል፤ ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል እንጂ አዲስ አይተካም። ጥራቱም ከሠላሳዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እያዘቀዘቀ ይሄዳል። እናንተ የምታመነቱበት ዓመት ለእንቁላሉም አንድ ዓመት ነው።

አንዳንድ ምልክቶች ቀን አያስቆጥሩም። የወር አበባ ከ35 ቀን በላይ እየተራራቀ የሚመጣ ወይም የጠፋ ከሆነ፣ ሕመሙ አልጋ ላይ የሚያውል ከሆነ፣ ከዚህ በፊት ከማህፀን ውጪ እርግዝና፣ የማህፀን ቱቦ ኢንፌክሽን፣ የፈነዳ ትርፍ አንጀት ወይም የሆድ ቀዶ ሕክምና ከነበረ ወዲያውኑ ሂዱ። ወንዱም በልጅነቱ የዘር ፍሬው ሳይወርድ ቀርቶ ከነበረ፣ ለአቅመ አዳም ከደረሰ በኋላ ጆሮ ደግፍ ይዞት የዘር ፍሬው አብጦ ከነበረ፣ የካንሰር ሕክምና ከወሰደ ወይም በግንኙነት ጊዜ የሚቸገር ከሆነ እንደዚሁ። ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ፅንስ የተጨናገፈባቸው ጥንዶችም ራሱን የቻለ ምርመራ ስላላቸው ዓመት መቁጠር የለባቸውም።

አንድ ልጅ ያላቸውም ከዚህ አይወጡም። «ከቀድሞ ትዳሬ ልጅ አለኝ» የሚል ባል ስለ ትናንት እየተናገረ ነው፤ በመካከሉ ኢንፌክሽን፣ ሕመም ወይም ዕድሜ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፦ ቀን ቁጠሩ፤ ግን አትታሰሩበት

ደም የታየበትን የመጀመሪያ ቀን አንድ ብላችሁ ጀምሩ። እንቁላል የሚወጣው ከሚቀጥለው የወር አበባ 14 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ዑደቷ 28 ቀን የሆነ ሴት እንቁላሏ በ14ኛው ቀን አካባቢ ይወጣል፤ 32 ቀን ከሆነ ግን በ18ኛው ቀን አካባቢ ነው። «ሁሉም በ14ኛው ቀን ነው» የሚለው ወሬ የስንቱን ወር በከንቱ አሳልፏል!

የወጣ እንቁላል በሕይወት የሚቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ብቻ ነው። የወንድ የዘር ህዋስ ግን በሴቷ አካል ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ዘሩ ቀድሞ ደርሶ እንቁላሉን መጠበቅ አለበት፤ የምትፀንስባቸው ቀናትም እንቁላሉ የሚወጣበት ዕለትና ከእሱ በፊት ያሉት አምስት ቀናት ናቸው። በሽንት የሚለካው የእንቁላል መውጫ መለያ፣ እንቁላሉን የሚያስወጣው ሆርሞን ከፍ ማለቱን ያሳያል፤ እንቁላሉም ከዚያ በኋላ በአንድ ቀን ወይም በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ይወጣል። የወር አበባዋ በጣም የሚዘበራረቅባት ሴት ግን በዚህ መለያ ባትተማመን ይሻላል፤ እየደጋገመ ሊያሳስታት ይችላል።

ይህን ሁሉ ሒሳብ ለማይወድ ሰው ቀላል መንገድ አለ፦ የወር አበባው ካበቃ በኋላ በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ግንኙነት ማድረግ። ቀኑ በራሱ ይገኛል። እኛ አንድ ሰሞን የቀን መቁጠሪያውን አልጋው ራስጌ ሰቅለን ነበር፤ አልጋው ቢሮ ሆኖ ቀረ። ባለቤቴ አንድ ማታ አንሥታ ከመሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ ወዲያ ሳቅ ተመለሰ።

ዘር እንዲጠራቀም ብሎ ለብዙ ቀናት መታቀብ አይጠቅምም፤ የቆየ ዘር እንቅስቃሴው ይደክማል። ከግንኙነት በኋላ ፈሳሽ ተመልሶ መውጣቱ የተለመደ ነው፤ እግር ሰቅሎ መተኛትም አያስፈልግም። ማለስለሻ ቅባት የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ብዙዎቹ የዘር ህዋስን እንቅስቃሴ እንደሚያዳክሙ እወቁ። ምራቅም እንደዚሁ ነው።

ሦስተኛ፦ ቤት ውስጥ የሚስተካከለውን አስተካክሉ

ሴቷ ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮ ግራም ከአሁኑ ትጀምር። የፅንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚበጁት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ብዙ ጊዜም እናቲቱ ማርገዟን ሳታውቅ ነው፤ «ሳረግዝ እወስዳለሁ» ማለት ለዚህ አይሠራም። ከዚህ በፊት የኅብለ ሰረሰር ችግር ያለበት ፅንስ የነበራት ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ከፍ ያለ መጠን ልትታዘዝ ስለምትችል ትጠይቅ። የሩቤላ ክትባት ካልወሰደችም አሁን ነው ጊዜው፤ ከተከተበች በኋላ አንድ ወር ሳይሞላ መፀነስ አይመከርም።

ሲጋራ የሁለቱንም ዕድል ይቀንሳል። የወንድ የዘር ህዋስ ተሠርቶ እስኪያልቅ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ፣ ዛሬ የተተወ ሲጋራ ውጤቱ የሚታየው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ባለፈው ወር የያዘ ብርቱ ትኩሳትም ለሁለትና ለሦስት ወር ቁጥሩን ሊያወርድ ይችላል። የዘር ፍሬ ከሰውነት ውጪ የተንጠለጠለው ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ ነው፤ በጣም የሞቀ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍና ላፕቶፕ ጭን ላይ አድርጎ መዋል አያስፈልገውም።

ወንዶች ሆይ፣ ይህቺን ደግማችሁ አንብቧት። ጡንቻ ለማሳደግ ወይም «ጉልበት ለመጨመር» ተብሎ የሚወሰድ የቴስቶስትሮን መርፌ ዘር ማምረትን ያቆማል። አንጎል በደም ውስጥ በቂ ሆርሞን አለ ብሎ ስለሚያስብ ለዘር ፍሬው የሚልከውን ትእዛዝ ያቋርጣል። ልጅ ለመውለድ ብሎ ይህን መርፌ የሚወጋ ሰው በጋዝ እሳት የሚያጠፋ ነው። ከተቋረጠ በኋላ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፤ ወራት ግን ይፈጃል። ሌላ በሐኪም የታዘዘ የዘወትር መድኃኒት ካላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ዝርዝሩን ይዛችሁ ሂዱ።

አራተኛ፦ አንድ ደብተር ያዙ

ያለፉትን ስድስት ወራት የወር አበባ ቀናት፣ የምትወስዱትን መድኃኒት፣ የነበረ ቀዶ ሕክምናን፣ ያለፈ እርግዝናንና ውርጃን፣ ከዚህ በፊት የተሠራ ምርመራን ከነውጤቱ በአንድ ደብተር ጻፉ። የራጅ ፊልሙንም ራሱን ያዙ፤ «ደህና ነው ተብያለሁ» የሚለው ቃል ለሐኪም ምንም አይነግረውም። ይህን ያላደረገ ሰው ሐኪም በቀየረ ቁጥር ሁሉንም ምርመራ ከአንድ ይጀምራል።

አንድ ነገር ግን ደብተር ላይ የማይሰፍር አለ። ሚስት ከትዳር በፊት የነበረ ውርጃ፣ ባል ታክሞት ያለፈ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ሊኖር ይችላል፤ ሌላው አያውቅም። ለሐኪሙ ግን የጉዳዩ ቁልፍ ይኸው ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ ኢንፌክሽኖች ድምፃቸውን አጥፍተው የማህፀን ቱቦን ይዘጋሉ። በቀጠሮው ቀን «ለየብቻችን ጥቂት ደቂቃ ያነጋግሩን» ማለት ትችላላችሁ። የተለመደ ጥያቄ ነው፤ ሐኪሙም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

አምስተኛ፦ ሁለታችሁም ግቡ

መነሻው የማህፀንና ፅንስ ሐኪም ነው። በመካንነት ሕክምና ተጨማሪ ሥልጠና ያለው ከተገኘ ይመረጣል። የወንዱ ውጤት ጉድለት ካሳየ ወደ ዩሮሎጂ (የሽንት ቧንቧና የወንድ ብልት) ሐኪም ይላካል። የመጀመሪያው ቀን በአብዛኛው የጥያቄ ቀን ነው፤ በሳምንት ስንት ጊዜ ትገናኛላችሁ፣ ሕመም አለ ወይ፣ ወንዱ ብልቱ ይቆማል ወይ፣ ዘሩ የት ይፈስሳል። እኔ ይህ ሲጠየቅ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ፤ ባለቤቴ መለሰች። ዘሩ ወደ ውስጥ የማይደርስባቸው ጥንዶች ለዓመታት የሆርሞን ምርመራ ሲያደርጉ የሚቆዩት እንዲህ ባለው ዝምታ ነው።

ከክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ምርመራ የሚመልሰው ጥያቄ ምንድን ነው? ውጤቱ እንዲህ ቢሆን ቀጥሎ ምን ይደረጋል? የምንመለሰው መቼ ነው?

ስድስተኛ፦ የወንዱ ምርመራ ይቅደም

ልጅ ከተቸገሩ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱ ድርሻ አለበት፤ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ። ምርመራው ደግሞ መርፌም ራጅም የለበትም። ይህ እየታወቀ ሴቲቱን ከክፍል ክፍል ማመላለስ ፍትሕም ሕክምናም አይመስለኝም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ከምርመራው በፊት ከሁለት ቀን ያላነሰ፣ ከሰባት ቀን ያልበለጠ መታቀብ። ላቦራቶሪው ክዳን ያላት ንጹሕ ዕቃ ይሰጣችኋል፤ ከቤት ባመጣችሁት ጠርሙስ አትተኩት። እጃችሁን ታጥባችሁ፣ ያለ ቅባትና ያለ ምራቅ፣ በቀጥታ እዕቃው ውስጥ። ተራ ኮንዶም አይሆንም፤ የዘር ህዋስ የሚገድል ንጥረ ነገር ሊኖርበት ይችላል። የመጀመሪያው ጠብታ ብዙውን ህዋስ የያዘ ስለሆነ ከፈሰሰባችሁ አትደብቁ፤ ተናገሩ፤ አለዚያ በጎደለ ናሙና ይፈረድባችኋል።

ላቦራቶሪው ውስጥ ክፍል ካለ እዚያው መስጠት ይሻላል። ከቤት የምታመጡ ከሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት፤ ሙቀቱም ከሰውነት ሙቀት ብዙ መራቅ የለበትም። እኔ ዕቃዋን በሸሚዜ የውስጥ ኪስ ከትቼ፣ ኮቴን ቆልፌ፣ እንደተሰረቀ ዕቃ ደረቴ ላይ አቅፌ ነው የገባሁት። ተቀባይዋ ልጅ ቀና ሳትል «ስንት ሰዓት ላይ ነው የተወሰደው?» አለችኝና ጻፈች። የፈራሁት ሁሉ ይኸው ነበር።

ወረቀቱ ሲመጣ ከጎኑ የተጻፉትን መለኪያዎች ታያላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት ባሳተመው መመሪያ ዝቅተኛው ወሰን መጠኑ 1.4 ሚሊ ሊትር፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 16 ሚሊዮን ህዋስ፣ የሚንቀሳቀሱት 42 በመቶ፣ ወደፊት የሚዋኙት 30 በመቶ፣ ቅርጻቸው የተስተካከለው 4 በመቶ ነው። አዎ፣ አራት በመቶ፤ «96 በመቶው የተበላሸ ነው» ብሎ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው፤ ጤናማ ሰውም እንዲሁ ነው። እነዚህ ቁጥሮች የተወሰዱት ሚስቶቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ከፀነሱላቸው ወንዶች ሲሆን፣ ከእነሱም መካከል ከመቶ አምስቱ ከወሰኑ በታች ነበሩ። ከወሰን በታች መሆን አይወልድም ማለት አይደለም። አንድ ውጤትም ብቻውን አይፈርድም፤ ጉድለት ካሳየ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ይደገማል። ዘር ጨርሶ ካልታየ ወይም በጣም ጥቂት ከሆነ ግን ሦስት ወር ሳይጠበቅ ቶሎ ይደገማል።

ሰባተኛ፦ የሴቷ ምርመራ በዑደቷ ቀን ይመራል

ብዙ ገንዘብና ደም የሚባክነው እዚህ ላይ ነው፤ ትክክለኛው ምርመራ በተሳሳተ ቀን ሲሠራ።

የወር አበባ ከመጣ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ኤፍ ኤስ ኤች እና ኢስትሮጅን የተባሉት ሆርሞኖች ይለካሉ። የታይሮይድና የፕሮላክቲን (የጡት ወተት ሆርሞን) ምርመራ ቀን አይመርጥም፤ ኤ ኤም ኤችም እንደዚሁ። ኤ ኤም ኤች የቀረውን የእንቁላል ብዛት ይጠቁማል። ጥራቱን አይናገርም፤ በተፈጥሮ መንገድ ማርገዝ ወይም አለማርገዝንም አይተነብይም። ይህን ወረቀት አይታ ሌሊቱን ስታለቅስ ያደረች ሴት አውቃለሁ፤ አንብቦ የሚያስረዳት ሰው አላገኘችም።

እንቁላል መውጣቱን የሚያረጋግጠው የፕሮጄስትሮን ምርመራ ነው፤ የሚሠራውም ከሚቀጥለው የወር አበባ ሰባት ቀን ቀደም ብሎ ነው። ብዙ ማዘዣ ላይ «በ21ኛው ቀን» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት ልክ ነው። ዑደቷ 35 ቀን የሆነች ሴት ግን በ21ኛው ቀን ብትመረመር እንቁላሏ ገና እየወጣ ስለሆነ «አይወጣላትም» ይባላል፤ ትክክለኛው ቀኗ 28ኛው ነበር። ማዘዣውን ስትቀበሉ ደብተራችሁን ገልጣችሁ ከዑደታችሁ ጋር አስተያዩት።

በብልት በኩል የሚደረገው አልትራሳውንድ ማህፀንን፣ ማዮማን፣ የእንቁላል ማምረቻዎችንና በውስጣቸው ያሉትን ትንንሽ የእንቁላል ከረጢቶች ያሳያል። ቱቦው ክፍት መሆኑን ግን በተራ አልትራሳውንድ ማየት አይቻልም፤ ለዚህ የማህፀንና የቱቦ ራጅ አለ። የሚነሣው ደሙ ካቆመ በኋላ፣ እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ6ኛው እስከ 11ኛው ቀን። በማህፀን በር ቀጭን ቱቦ ይገባና በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ይለቀቃል። ቱቦዎቹ ክፍት ከሆኑ ፈሳሹ ከጫፋቸው ሾልኮ ሆድ ውስጥ እንደ ጭስ ሲበተን በስክሪኑ ላይ ይታያል። ሥራው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሕመሙ እንደ ብርቱ የወር አበባ ቁርጠት ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት የሚወሰድ ማስታገሻ እንዲያዝላችሁ ጠይቁ፤ ለባለቤቴ ማንም አልነገራትም ነበር። የአዮዲን አለርጂ ካለ ቀድማችሁ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ትንሽ ደም ቢታይ አያስደነግጥም፤ ትኩሳት ወይም ሽታ ያለው ፈሳሽ ከመጣ ግን በዕለቱ ተመለሱ። ደግሞ ቱቦው ማህፀን ጋ በሚነሣበት ቦታ ላይ «ተዘግቷል» ከተባለ በሕመሙ የተነሣ ተኮማትሮ ሊሆን ይችላል፤ ሳይረጋገጥ ወደ ቀዶ ሕክምና አትቸኩሉ።

ላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ሆድ ውስጥ ማየት፣ ለሁሉም የሚታዘዝ አይደለም። ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀን ውስጠኛ ሽፋንን የመሰለ ሥጋ ከማህፀን ውጪ ሲበቅል) ወይም በቱቦው ዙሪያ መጣበቅ ሲጠረጠር ነው።

ስምንተኛ፦ ከውጤት ወደ ሕክምና

እንቁላል በጊዜው የማይወጣላት ሴት ከሁሉም የተሻለ ተስፋ ካላቸው ወገን ናት። ዋናው ምክንያት ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የተባለው፣ ሆርሞን ተዛብቶ እንቁላሎቹ ሳይበስሉ በትንንሽ ከረጢቶች የሚቀሩበት ችግር ነው። ክብደቷ ከፍ ያለ ከሆነ ከአምስት እስከ አሥር በመቶውን መቀነስ ብቻውን እንቁላሉን ሊመልስ ይችላል። መድኃኒቱ በዑደቱ መጀመሪያ ለአምስት ቀን የሚዋጥ እንክብል ነው፤ ሌትሮዞል ወይም ክሎሚፊን። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ይፋ የሆነ፣ ይህ ችግር ያለባቸውን 750 ሴቶች የተከታተለ ጥናት ሌትሮዞል ከወሰዱት 27.5 በመቶ፣ ክሎሚፊን ከወሰዱት 19.1 በመቶ መውለዳቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ዛሬ ለእነዚህ ሴቶች በቅድሚያ የሚታዘዘው ሌትሮዞል ነው። በክሎሚፊን ከመቶ እርግዝና ከአምስት እስከ ስምንት የሚሆነው መንታ ነው፤ ዓይን ከደበዘዘ ወይም ብልጭታ ከታየ ቆሞ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ጎረቤት ያገኘችበትን እንክብል ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ፣ ባልየው ሳይመረመር ደግሞ ይብስ፣ ወራትን ማቃጠል ነው። ቢያንስ የመጀመሪያው ዙር በአልትራሳውንድ ይታይ፤ እንቁላል እየወጣ ስድስት ዙር ካለፈ ወደ ሌላ መንገድ መዞር እንጂ ሰባተኛውንና ስምንተኛውን መሞከር አያዋጣም።

ፕሮላክቲን ከፍ ማለቱና ታይሮይድ በእንክብል ይታከማሉ። ማዮማ ሁሉ ይውጣ አይባልም፤ ወደ ማህፀን ውስጠኛ ክፍል ገፍቶ የገባው ነው ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው። ውኃ የቋጠረ ቱቦ ካለ ወደ አይ ቪ ኤፍ (እንቁላልና ዘር ከሰውነት ውጪ የሚገናኙበት ሕክምና) ከመሄድ በፊት ይወጣል ወይም ይታሰራል፤ ፈሳሹ ወደ ማህፀን እየተመለሰ ፅንሱን ስለሚያስቸግር።

በወንዱ በኩል በዘር ፍሬው ከረጢት ውስጥ የሚታይ የደም ሥር ማበጥ በቀዶ ሕክምና ሊስተካከል ይችላል። «ዘር የለም» የሚለው ውጤትም ሁለት ዓይነት ነው፦ ይመረታል ግን መውጫው ተዘግቷል፤ ወይም ምርቱ ራሱ ቆሟል። በመጀመሪያው በቀጥታ ከዘር ፍሬው በመርፌ ማውጣት ይቻላል፤ በሁለተኛውም በአንዳንዶቹ ላይ ተፈልጎ ይገኛል፤ ጉድለቱ የሆርሞን ከሆነ ደግሞ በመርፌ ሕክምና የሚመለስ አለ። ስለዚህ «ዘር የለህም» ተብሎ ከተነገረው በኋላ ምክንያቱ ሳይጣራለት ወደ ቤቱ የተላከ ሰው ምርመራው ገና አላለቀም።

ሁሉ ተመርምሮ ምንም ያልተገኘባቸውም አሉ። «ምክንያቱ ያልታወቀ» ይባላል፤ ያናድዳል። ዕድሜ ከፈቀደ ግን ከእነሱ ብዙዎቹ በጊዜ ብዛት ይፀንሳሉ።

ዘጠነኛ፦ ላቦራቶሪ የሚያግዝበት ደረጃ

ቀለል የሚለው የታጠበና የተመረጠ ዘር እንቁላል በሚወጣበት ቀን በቀጭን ቱቦ ማህፀን ውስጥ ማስገባት ነው። ቢያንስ አንድ ቱቦ ክፍት መሆን አለበት። በአንድ ዙር የመሳካት ዕድሉ ብዙውን ጊዜ ከ20 በመቶ አይበልጥም፤ ከሦስት አራት ሙከራ በኋላ ቆም ብሎ መነጋገር ይገባል።

አይ ቪ ኤፍ ደግሞ እንቁላሉንና ዘሩን ከሰውነት ውጪ ማገናኘት ነው። በዚህ መንገድ የተወለደችው የመጀመሪያዋ ልጅ ሉዊዝ ብራውን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1978 በእንግሊዝ ኦልድሃም ከተማ ተወለደች፤ ሥራውን ካሳኩት አንዱ ሮበርት ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ2010 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ዘሩ ጥቂት ሲሆን አንድ ህዋስ ተመርጦ በመርፌ እንቁላሉ ውስጥ ይገባል፤ ይህም እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የታወቀ ዘዴ ነው።

ዙሩ እንዲህ ይሄዳል። ከዑደቱ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቀን ጀምሮ ለአሥር ቀናት ያህል በየዕለቱ መርፌ፤ በመካከሉ በየሁለት ሦስት ቀኑ አልትራሳውንድ። ከዚያ የመጨረሻዋ መርፌ አለች፤ እሷ በተባለው ሰዓትና ደቂቃ ትወጋለች፤ እንቁላሎቹ ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላ ስለሚለቀሙ። ማንቂያ ሁለት ስልክ ላይ ሙሉ፤ አንድ ጥንዶች እንቅልፍ ወስዷቸው ሙሉ ዙር ሲበላሽባቸው አይቻለሁ። መልቀሙ በማደንዘዣ ይሠራል፤ ባል ዘሩን በዚያው ዕለት ይሰጣል። ፅንሱ ከሦስት እስከ አምስት ቀን በላቦራቶሪ አድጎ ወደ ማህፀን ይመለሳል፤ የተረፈው ይቀዘቅዛል። ከዚያ በኋላ አልጋ ላይ መዋል ዕድሉን አይጨምርም። በቤት ውስጥ መመርመሪያ ቀድሞ መፈተንም አይመከርም፤ የመጨረሻዋ መርፌ ራሷ የእርግዝና ሆርሞን ከሆነች መመርመሪያውን «አዎ» ታሰኘዋለች።

ሆድ ተነፍቶ ክብደት በአንድ ሁለት ቀን ከጨመረ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሽንት ከቀነሰ የእንቁላል ማምረቻዎቹ ከመጠን በላይ ተነቃቅተዋል ማለት ሊሆን ይችላልና ቀጠሮ አትጠብቁ።

ማእከል ስትመርጡ «ከመቶ ስንቱ ያረግዛሉ?» ብላችሁ አትጠይቁ። በባለቤቴ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከመቶ ስንቱ ልጅ ታቅፈው ይወጣሉ? ስንት ፅንስ ታስገባላችሁ፣ ለምን? የተነገረን ሒሳብ መድኃኒቱን፣ ማቀዝቀዣውንና የሚቀጥለውን ዝውውር ይጨምራል ወይ? ሙከራው ስንት ጊዜ ካልተሳካ «ይብቃችሁ» ትሉናላችሁ? መንታና ሦስትነት ለእናትም ለልጆችም አደጋ ስላለው አንድ ፅንስ ብቻ እንዲገባ የሚመክር ሐኪም ስስታም አይደለም። «መቶ በመቶ» የሚል ቃል ከሰማችሁ ግን ደብተራችሁን ይዛችሁ ተነሡ።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለታችሁ ብቻችሁን ተቀምጣችሁ ስንት ዙር እንደምትሞክሩ፣ ስንት ገንዘብ እንደምታወጡ፣ ለቤተሰብ ምን እንደምትናገሩ ተስማሙ። ለእኔና ለባለቤቴ የሠራው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ «ሐኪም ዘንድ እየሄድን ነው፤ ወሬ ሲኖር እኛው እንነግራችኋለን።» የማን ችግር እንደሆነ ለማንም አልተናገርንም።

አሥረኛ፦ ምርመራው «አዎ» ሲል

ቀኑን በደብተሩ ላይ ጻፉና ሐኪሙ ዘንድ ደውሉ። ከመጨረሻው የወር አበባ በተቆጠረ ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ሳምንት ላይ አልትራሳውንድ ይደረግ፤ ፅንሱ ማህፀን ውስጥ መሆኑና የልብ ምቱ የሚታየው ያኔ ነው። ቱቦዋ የተጎዳ፣ ከዚህ በፊት ከማህፀን ውጪ ያረገዘች ወይም በአይ ቪ ኤፍ የፀነሰች ሴት ይህን ቀጠሮ ጨርሶ አትዝለል። ከዚያ በፊት በአንድ ጎን የሚበረታ የሆድ ሕመም፣ ደም መፍሰስ፣ የትከሻ ጫፍ ሕመም ወይም ራስ መሳት ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ በር ላይ ለሚቀበላችሁም መጀመሪያ የምትናገሩት «ነፍሰ ጡር ናት» የሚለውን ይሁን።